ያጠብኳቸው እንቁላሎች

ካርቶኑ ከሥሩ ረጥቦ ነበር። የባለቤቴ ጓደኛ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ይዞት በር ላይ ሲቆም መጀመሪያ ያየሁት ሸሚዙ ላይ የወረደውን ቢጫ ልጋግ ነው። ሽታው ቀጥሎ ደረሰ፤ የእርጥብ ሰጋቱራ፣ የላባና የጥሬ እንቁላል ሽታ አንድ ላይ። ሳላስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

«እትዬ፣ ሲትቤልት አስሬላቸው ነው ያመጣኋቸው» አለኝ። «ከፖስታ ቤት እዚህ ድረስ በሃያ ማይል ፍጥነት ነው የነዳሁት። ከኋላዬ ያለ መኪና ሁሉ ጡሩምባውን ሲነፋ፣ ሙሽራ የያዝኩ ነው የሚመስለው።»

«ታዲያ ምነው ፈሰሱ?»

«ሲሰጡኝም እንዲህ ናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ በመኪናና በአውሮፕላን ሲንገላቱ ከርመው! እንዲያውም ሁሉም አለመፍሰሳቸው ነው የሚገርመው። የት ላስቀምጥልዎት?»

«ጋራዥ ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ።»

«ይበርዳቸዋል እኮ፣ እትዬ። እሱ ቢሆን...» አለ።

እሱ ቢሆን አልጋችን ላይ ያስተኛቸው ነበር። የኩሽናው ወለል ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩ፤ አስቀመጠውና ሸሚዙን ሳይጠርግ ሄደ።

ባለቤቴ ከሞተ ገና አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። በእስልምና ሥርዓት ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን በቤቷ ትቀመጣለች፤ ኢዳ ይባላል። ካልቸገራት በቀር ከደጅ አትወጣም። ከፖስታ ቤት ተደውሎ «ተሰባሪ ዕቃ መጥቶልሻል፣ ራስሽ መጥተሽ ውሰጂ» ሲሉኝ ሰው የላክሁት ለዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ኢዳ ላይ ባልሆንም አልሄድም ነበር።

እንቁላሎቹን ያዘዘው እሱ ነው፤ በብርዱ ወራት፣ ሕመሙ ገና ስም ሳይወጣለት። ሌላ ስቴት ውስጥ ዶሮ የምታረባ አንዲት ሴት በኢንተርኔት አገኘ። ገብስማ ዶሮዎች አሏት። እንቁላል የምትልከው ብርዱ ሲያልፍ ብቻ ስለሆነ ወረፋ ያዘ። የሚፈለፈል እንቁላል በፖስታ እንደሚላክ ሲነግረኝ አላመንኩም።

«እንቁላል በፖስታ? ቀጥሎ ደግሞ ወተት በኤንቨሎፕ ይላክልህ» አልኩት።

«አንቺ ሳቂ። ጫጩቶቹ ሲመጡ እናያለን ማን እንደሚስቅ።»

ቤታችን ሎረንስቪል ነው። ጓሮ አለው፤ ያጣላን ጓሮው ነው። እዚያ ስድስት ዶሮዎች ነበሩት። ዶሮ ወጥ እበላለሁ፤ ዶሮ ግን አልወድም። በሕይወት ያለ ዶሮ ሲያዩት ያቅለሸልሻል፤ ዓይኑ፣ እግሩ ላይ ያለው ቅርፊት፣ እበት ጭሮ እበት የሚበላው አፉ። ከሁሉ የሚብሰው ኩሱ ነው። ባለቤቴ ኩሱን በጫማው ሥር ይዞ ይገባል፣ እኔ ከኋላው በጨርቅ እከተላለሁ። «የምንሰግድበት ቤት ነው» እለዋለሁ። «እነሱም በቋንቋቸው ይሰግዳሉ» ይለኛል። ሲታመም «ሐኪሞቹ ኢንፌክሽን እንዳይነካህ ብለዋል፣ ዶሮዎቹ ይሂዱ» አልኩት። ሐኪሞቹ ስለ ኢንፌክሽን ተናግረዋል፤ ስለ ዶሮ ግን አንድም ቃል አልወጣቸውም። ያው ጓደኛው ወሰዳቸው፤ በአንድ ወር ውስጥ ስድስቱም በቢላ አለፉ። ባለቤቴ በስልክ «እንዴት ናቸው?» እያለ ሲጠይቀው «ደህና ናቸው፣ ወፍረዋል» ይለው ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ እሰማለሁ፤ ዝም እላለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልጻፍ፤ ይህን ሳልጽፍ የእንቁላሎቹ ነገር አይገባም። ኖርክሮስ በሚገኝ ሆቴል ለብዙ ዓመት አልጋ አንጥፌአለሁ፣ የማላውቀውን ሰው ቆሻሻ በጓንት ጠርጌአለሁ። ከሥራ ስወጣ እታጠባለሁ፣ እረሳዋለሁ። ባለቤቴን ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ቀደው ሆዱ ላይ የሰገራ ከረጢት ሲገጥሙለት ግን ያንን ጓንት ቤቴ አመጣሁት። ከረጢቱ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይለወጣል። ከሥሩ ከሆዱ የወጣ አንጀት አለ፤ ቀይ፣ እርጥብ፣ ሲነኩት የሚንቀሳቀስ። ጓንት አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እለውጥለታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ምነው አላለኝም። ስጨርስ ቀድሞኝ «ሂጂ፣ እጅሽን ታጠቢ፤ እኔ እጠብቃለሁ» ይለኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሊሞት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከረጢቱን ይዤ እንደቆምኩ፣ «እንቁላሎቹ ሲመጡ አትጣያቸው» አለኝ። «አንድ እንኳ ከወጣ ይበቃኛል።»

«እሺ» አልኩት። ስለው ፊቴ መስኮቱ ላይ ነበር። እንዳላመነኝ ገባኝ።

ስለዚህ ካርቶኑን መጣል አልቻልኩም። ጓንቴን አደረግሁ፣ አፍንጫዬን በሻሼ ጫፍ አሰርሁና ከፈትኩት። አሥራ ስድስት እንቁላሎች ነበሩ፤ አራቱ ተሰብረዋል። አስኳላቸው ከሰጋቱራው ጋር ተቦክቶ ከሌሎቹ ላይ ተጣብቋል። ከላይ አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበር፤ እሱም ዝልግልግ ብሎ ርሶ ነበር። እኔ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ ከዳር እስከ ዳር የማነብ ሰው ነኝ። ያንን ወረቀት ግን በሁለት ጣቴ ጫፉን ይዤ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

ያልተሰበሩትን ሳያቸው ደግሞ ባሰ። ሴትዮዋ አላጠበቻቸውም! ዶሮዋ እንደጣለችው፣ ኩስ እንደለጠፈባቸው፣ አንዳንዱ ላይ ላባ እንደደረቀበት ጠቅልላ ልካቸዋለች። ሰው እንዴት ይህን ለሰው ይልካል? የዶሮ ኩስ በእኛ ዘንድ ነጃሳ ነው፤ የነካው ልብስ ካልታጠበ አይሰገድበትም። ይሄ ሁሉ እግሬ ሥር፣ ከመስገጃዬ አምስት እርምጃ ላይ ተቀምጧል።

ታጠብኳቸው። ሙቅ ውሃ ቀዳሁ፣ የዕቃ ሳሙና ጨመርኩ፣ በአዲስ ስፖንጅ አንድ በአንድ ፈተግኳቸው፣ ሦስት ሦስት ጊዜ አለቀለቅኳቸው። ቡናማ ሆነው፣ እንደ ተወለወለ ጫማ አብረቅርቀው ወጡ። በነጭ ፎጣ ላይ ደርድሬ ሳያቸው፣ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በደንብ የሠራሁ መሰለኝ።

አሥራ አንድ ነበሩ። አሥራ ሁለተኛውን አልቻልኩም። የጎረቤቱ አስኳል ፈስሶበት፣ ኩሱና ሰጋቱራው ተለውሶ ደርቆበት፣ አንዲት ግራጫ ላባ ቆማበት ነበር። ላነሳው ስል ሮጬ ሄጄ አስታወኩ። ከካርቶኑ ጋር እንዲጣል እዚያው ተውኩት።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ብቻዬን እንዳልሆን ብላ በእነዚያ ሳምንታት እኔ ዘንድ ታድር ነበር። ማታ ከሥራ ገብታ ካርቶኑን ልትጥልልኝ ስታነሳ እንቁላሉን አየችው።

«ይኼኛው ምን አጠፋ?»

«ቆሽሿል።»

«እኛስ ስንወለድ ሽቶ ተቀብተን ነው እንዴ የወጣነው?»

በባዶ እጇ አነሳችው። «እባክሽ ጓንት...» ስል ከሌሎቹ ጎን አስቀምጣው አበቃች። በማግስቱ ባለቤቴ የገዛው መፈልፈያ ማሽን ሞቆ ሲደርስ አሥራ ሁለቱንም አስገባናቸው። ያንን ከጥግ አድርጊው፣ ንጹሖቹን እንዳይነካቸው አልኳት። «እሺ፣ ኳራንቲን አድርጌዋለሁ» አለች እየሳቀች።

ማሽኑ ሙቀቱን ራሱ ይጠብቃል፤ እንቁላሎቹን ግን በቀን ሦስት ጊዜ ሰው ማገላበጥ አለበት። ይህን ከእሱ ሰምቼ ነበር። ከንጋቱ ሱብሒ፣ ከእኩለ ቀኑ ዙሁር፣ ከምሽቱ መግሪብ ሶላት በፊት አገላብጣቸዋለሁ፣ ጓንቴን አውልቄ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፣ ለሶላት የሚታጠቡትን ዉዱ አድርጌ እሰግዳለሁ። ኢዳ ላይ ያለች ሴት ጊዜ አይቸግራትም። ሊያጽናኑኝ የሚመጡት ሰዎች የሚያወሩት ያው ነው፤ ማሽኑ ቢያንስ አያወራም።

በአሥረኛው ቀን መጋረጃ ዘግተን፣ የባለቤቴ እህት በስልኳ መብራት እንቁላሎቹን ከሥር እያበራች አየናቸው። ስድስቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ቀይ የደም ሥር ነበር። የቀሩት ውስጥ ጥቁር ነገር እንደ ጭቃ ይዋዥቃል። ሁለቱ ላይ ደግሞ ቅርፊታቸው ላብ እንዳላበው ሰው ነጠብጣብ አውጥቷል። የላከቻቸው ሴት ቁጥር በባለቤቴ ስልክ ውስጥ ነበር፤ ደወልኩ። ድምፅዋ የትልቅ ሴት ነው። የማን ሚስት እንደሆንኩ ነገርኳት፣ መሞቱንም።

«በየሳምንቱ ይጽፍልኝ ነበር» አለች ቆይታ። «ሚስቴ ዶሮ ትጸየፋለች፣ ጫጩት ስታይ ግን ይለቃታል ይል ነበር።»

«ጫጩትም እጸየፋለሁ» አልኳት። ከዚያ ስለ ላቡ ነገርኳት።

«አጥበሻቸዋል እንዴ?»

«አዎ።»

«በምን?»

«በሙቅ ውሃና በሳሙና።»

ስትተነፍስ ሰማኋት። «ወረቀቱ ላይ በትልቁ ጽፌአለሁ፣ እንዳይታጠቡ ብዬ። እንቁላል ከዶሮዋ ሲወጣ ከላዩ የማይታይ ሽፋን አለው፤ እሱ ነው ተባዩን የሚከለክለው። ስታጥቢው ሽፋኑ ይሄዳል፣ ቆሻሻው በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይገባል። እኔ ሰንፌ አይደለም ሳላጥብ የላክኋቸው።»

ወረቀቱን ሳላነብ መጣሌን አልነገርኳትም። ከማሽኑ አጠገብ ያለው የኩሽና መስኮት ላይ የራሴን ፊት አየሁት፤ ያ ባለቤቴ ሲያየው የከረመው ፊት ነው።

«አሁን ምን ይደረጋል?»

«በየቀኑ አንድ በአንድ አሽትቻቸው። የሸተተውን ወዲያው አውጪ። ካላወጣሽው ውስጡ ጋዝ ሞልቶ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ ደግሞ ሌሎቹን ይዞ ይሞታል።»

እኔን ነው እንቁላል አሽትቺ የምትለኝ። በየቀኑ ጧት ወንበር ስቤ ተቀምጬ፣ ሻሼን ከአፍንጫዬ አውርጄ አሸተትኩ። ጥንብ እንቁላል መጀመሪያ ላይ ብዙም አይሸትም። አፍንጫ እስኪነካው ድረስ ማስጠጋት ያስፈልጋል፤ ያኔ ከቅርፊቱ ሥር አንድ ቀጭን ነገር ይወጣና ጉሮሮ ውስጥ ይቀመጣል። ቀኑን ሙሉ አይለቅም። ሻይ ውስጥ እሱ አለ፣ ዳቦው ውስጥ እሱ አለ። በአምስት ቀን ውስጥ ስድስት አወጣሁ። እያንዳንዱን ላስቲክ ውስጥ ቋጥሬ ስጥል «አንድ እንኳ ከወጣ ይበቃኛል» ያለው ትዝ ይለኛል፤ የሚጣለው ሲበዛ የሚቀረው ያንሳል። ስለዚህ ሰባተኛዋን ጥቂት ሸትታኝ ሳለ መለስኳት። ገና ነው፣ ነገ አያታለሁ አልኩ። የደም ሥር ያየሁባት ነበረች።

ማግስቱ እሑድ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰባት የሚሆኑ ሴቶች መጥተው ሳሎን ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። በዕድሜ ትልቋ ዓይናቸውን ጨፍነው ለባለቤቴ ዱዓ እያደረጉ ነው፤ «መቃብሩን አስፋለት፣ መዓዛውን አሳምርለት» ይላሉ፣ እኛ «አሚን» እንላለን። ያኔ ኩሽና ውስጥ ጧ! አለ። ብርጭቆ የወደቀ ነበር የመሰለኝ። ሽታው እስኪመጣ ድረስ።

«አዑዙ ቢላህ! ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ትልቋ ሴት ዓይናቸውን ገልጠው።

«ጋዝ ነው! ውጡ! ማንም መብራት እንዳያበራ!»

«ናይን ዋን ዋን ደውሉ!»

«ቆዩ እንጂ፣ ጫማዬ...»

«ጫማሽን ተይው፣ ሴትዮ!»

እየተጋፉ ወጡ። ከመካከላቸው አንዷ የባለቤቴን ጫማ አድርጋ ወጥታለች። ሁሉም ሣሩ ላይ ቆመው በሻሻቸው አፍንጫቸውን ይዘዋል። የባለቤቴ እህት በሩ ላይ ሆና «እንቁላል ነው! እንቁላል ነው የፈነዳው!» ትላለች።

«እንቁላል እንዲህ ለመሽተት ስንት ዓመት ቢቀመጥ ነው?»

«ምስኪን፣ ሐዘኑ አዙሯት እንቁላል ታከማቻለች» አለች አንዷ። ዝቅ አድርጋ ያለችው መስሏታል።

እኔ አልወጣሁም። የማሽኑ ክዳን ተከፍቶ ወድቋል። ውስጡ፣ ግድግዳው፣ የሻይ ማንቆርቆሪያዬ ሳይቀር አረንጓዴና ጥቁር በሆነ ነገር ተረጭቷል። በፈነዳችው ቅርፊት ውስጥ ላባ የጀመረ ነገር ነበር። ያንን ከዚህ በላይ አልጽፈውም። እቃ ማጠቢያው ላይ ሁለት ጊዜ አስታወኩ።

«ሁሉንም ልጣላቸው፣ እትዬ» አለችኝ የባለቤቴ እህት፤ ድምፅዋ ውስጥ ያን ጊዜ ሳቅ አልነበረም። «ይበቃሻል። እሱም ቢሆን እንዲህ እንድትሆኚ አይፈልግም።»

«እሱ የሚፈልገውን ነግሮኛል።»

አምስት ቀርተው ነበር፣ አምስቱም ያንኑ ተለቅልቀዋል። ማጠብ አይቻልም፤ ይህን አሁን አውቃለሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚሸት በአፍንጫ መለየትም አይቻልም። በደረቅ ጨርቅ ልጠርጋቸው ስል ጓንቱ አንሸራተተኝ፤ አንዷ ከእጄ አምልጣ ወለሉ ላይ ተሰበረች፣ ውስጧ ጥቁር ውሃ ነው። ጓንቴን አወለቅሁ። በባዶ እጄ፣ እየተንገፈገፍኩ፣ የቀሩትን አንድ በአንድ ጠረግሁ። ጥግ ላይ ያለችው ጣቴ ስር ሻከረችኝ። ያቺ ያላጠብኳት ናት፤ የደረቀው አስኳል ከነኩሱ እስካሁን ላይዋ ላይ ነው፣ ላባዋ ግን ተቆርጣለች። የባለቤቴ እህት መብራት አስጠጋች። ውስጧ አንድ ነገር ተወራጨ። ሌሎቹ ሦስቱ ውስጥ የተወራጨ አልነበረም፤ ጣልናቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ እንቁላል ብቻ፣ ከነበሩት ሁሉ ቆሻሻዋ፣ በታጠበ ማሽን ውስጥ ተቀመጠች። ማሽኑን በበረኪና አጥቤው ነበር፣ እሷን ግን አልነካሁም። ቤቱ ለቀናት ሸተተ። ዱዓ ሊያደርጉ ይመጡ የነበሩት ሴቶች ዱዓቸው በስልክ ሆነ።

በሃያ አንደኛው ቀን ጧት ቅርፊቷ ላይ ምስማር የወጋው የሚያህል ቀዳዳ አየሁ። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። ቀዳዳው ሰፍቶ ጫጩቱ እስኪወጣ አራት ሰዓት ፈጀ። መርዳት የለብሽም ብላኛለች እንቁላሎቹን የላከችው ሴትዮ፤ መርዳትም አላሰኘኝም። ሲወጣ ጫጩት ብለው በካርድ ላይ የሚሥሉት ቢጫ ኳስ አይደለም። ጥቁር፣ እርጥብ፣ አንገቱን መሸከም ያቃተው፣ ከቅርፊቱ በወጣ ደም የተለወሰ ነገር ነው። አናቱ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች።

«ይሄ ቁራ ነው እንጂ ገብስማ ነው?» አለች የባለቤቴ እህት ከኋላዬ። «ወንድሜን ሸውደውታል።»

በጀርባው ወድቆ ተወራጨ፣ መነሳት አልቻለም። ያኔ ሆዱን አየሁት። እምብርቱ ገና አልዘጋም፤ ቀይ፣ እርጥብ፣ ትንፋሹን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ። ያንን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። ወይም አላየሁትም ልበል፤ አጠገቡ ሆኜ መስኮቱን ነበር የማየው።

አነሳሁት። ጓንት ለማምጣት አልተነሳሁም። ሆዱን ወደ ላይ አድርጌ መዳፌ ላይ ይዤ አየሁት፤ ያቅለሸልሸኝ ነበር፣ አሁን ስጽፈውም ያቅለሸልሸኛል። አፌ ውኃ ሞላ፣ ዋጥኩት፣ ማየቴን አላቆምኩም። ጥቂት ቆይቶ ሲሞቀው እዚያው መዳፌ ላይ አራብኝ።

«ኤጭ! እትዬ፣ አራብሽ እኮ!»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ሂጂ ታጠቢ እንጂ፣ እኔ እይዘዋለሁ።»

«ይቆይ» አልኳት።

ለዙሁር ሃያ ደቂቃ ያህል ይቀረው ነበር። ጫጩቱ እስኪደርቅ ድረስ ያዝኩት። ከዚያ ተነስቼ እንደ ሁልጊዜው እጄን በሳሙና፣ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።